«ሐሎ፣ ማን ልበል?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ሬዲዮ የቀጥታ ውይይት

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢም እንደ ሸገር 102.1 እና ዛሚ 90.7 ያሉ የግል ጣቢያዎች ከተጨመሩ ወዲህ፣ አድማጭ በስልክ እየገባ ስለ ሰፈሩ ኑሮ፣ ስለ ባህሉና ስለ ዕለቱ ጉዳይ የሚናገርበት ፕሮግራም የአዲስ አበባ ኑሮ አንድ አካል ሆኗል። በክልል ከተሞችም የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅም ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ «ሐሎ፣ ማን ልበል?» እያልኩ ብዙ ዓመት የሠራሁ ስለሆንኩ፣ ይህን ጉዳይ የሚመለከቱ ደብዳቤዎች ሲደርሱኝ በደስታ ነው የምከፍታቸው። በዚህ እትም አምስቱን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በጡረታ ላይ ያለሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ጠዋት ጠዋት የማልለየው አንድ የውይይት ፕሮግራም አለ። በዚህ ዓመት ደጋግሜ ደውዬ ሦስት ጊዜ ብቻ መስመር አገኘሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሐሳቤን ሳልጨርስ «እናመሰግናለን መምህር» ተብዬ ተቋረጥኩ። ሐሳቤ ስላልተወደደ ይሆን? (ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጥርጣሬዎን አልነቅፍም፤ ይሁን እንጂ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት በመስታወቱ ወዲያኛው ወገን የሚሆነውን ልንገርዎ። እርስዎ ሲደውሉ መጀመሪያ ስልኩን የሚያነሳው አቅራቢው ሳይሆን አዘጋጁ ነው። ስምዎን፣ የሚደውሉበትን ሰፈርና የሐሳብዎን ፍሬ ጠይቆ በአንዲት መስመር ይጽፍና ለአቅራቢው ያሳያል። አቅራቢው በዚያች ቅጽበት የሌላ ሰው ንግግር እያዳመጠ፣ ሰዓቱን እየተመለከተና ተራ የሚጠብቁትን መስመሮች እየቆጠረ ነው። እኔ በምሠራበት ፕሮግራም ከ60 ደቂቃው ውስጥ ዜናው፣ ማስታወቂያው፣ ሙዚቃውና የእንግዳው ንግግር ሲቀነስ ለአድማጭ የሚተርፈው ጊዜ ከ20 ደቂቃ አልፎ አያውቅም ነበር። ያ ጊዜ ለስምንት ወይም ለዘጠኝ ሰው ይከፈላል።

ከዚህች ጥቂት ጊዜ ላይ ደግሞ ሰላምታችን የራሱን ድርሻ ይወስዳል። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አደራችሁ፣ የጣቢያው ሠራተኞች በሙሉ፣ የቴክኒክ ክፍሉን ጨምሮ፣ አድማጮችም እንዴት አላችሁ» ብሎ የሚጀምር ሰው ወግ አጥባቂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ነገር የሚገባን ሰው እኛው ራሳችን «ምን ዓይነቱ ነው?» እንለዋለን። ሰላምታውን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱትና የሐሳብዎን መደምደሚያ ያስቀድሙት። ታሪክ አስተማሪ ከመነሻው ወደ ውጤቱ መሄድ ልማዱ እንደሆነ አውቃለሁ። በሬዲዮ ግን «እኔ የምለው የገበያ ቦታው መነሳት የለበትም ነው፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ያለ ሰው፣ ምክንያቱን ሳይጨርስ ቢቋረጥ እንኳ ሐሳቡ ለአድማጭ ደርሷል።

አቅራቢው ዘወትር «ሬዲዮዎን ይቀንሱልኝ» የሚለውም ለልማድ ያህል አይደለም። ቤትዎ ውስጥ የተከፈተው ሬዲዮ የራስዎን ድምፅ ትንሽ አዘግይቶ ወደ ስልኩ ስለሚመልሰው ድምፁ ይደራረባል፣ አንዳንዴም ያፏጫል፤ ተናጋሪውም የራሱን ድምፅ ከኋላ እየሰማ ሐሳቡ ይበታተንበታል። ሌላም ነገር አለ። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ድምፆች በስልክ ተመሳስለው ይሰማሉ። የሰውም ሆነ የቦታ ስም ሲጠሩ ረጋ ብለው ቢናገሩ፣ «ማን አሉኝ?» በሚል ጥያቄ የሚባክነው ጊዜ ለእርስዎ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ከተቋረጡ ጥርጣሬዎ እውነት ሊሆን ይችላል። በሐሳቡ የማይስማማውን ሰው በምስጋና የሚያሰናብት አቅራቢ አለ፤ አላየሁም ብል ውሸት ይሆናል። ለማረጋገጥ አንድ ሳምንት ሳይደውሉ፣ ሰዓት ይዘው ብቻ ያዳምጡ። ከአቅራቢው ጋር የሚስማማው ሰውና የማይስማማው ሰው ስንት ስንት ደቂቃ እንደሚያገኙ ይመዝግቡ፤ ልዩነቱ ከጎላ ያንኑ ዝርዝር በደብዳቤ ለጣቢያው ይላኩ። «በደል ደርሶብኛል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ቀንና ደቂቃ የተጻፈበት ወረቀት አርታኢን ያስጨንቃል።

ጥያቄ፦ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ባለ የማኅበረሰብ ሬዲዮ በበጎ ፈቃድ የማገለግል አቅራቢ ነኝ። በቅርቡ አንድ አድማጭ በቀጥታ ሥርጭት ገብቶ አንዲት ነጋዴን በስሟ እየጠራ ወነጀላት። ደነገጥኩ፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝም አላወቅኩም። አንዳንዶች «ሕዝብ ይናገር፣ አታፍኚ» አሉኝ፤ ሌሎች ደግሞ «ትከሰሻለሽ» አሉኝ። የቱ ነው ትክክል? (ስሜ ይቆይ፣ ከጎጃም)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ጥያቄ የቆየ ቁስሌን ነካብኝ። በሥራው ብዙም ባልቆየሁበት ጊዜ አንድ ሰው ደውሎ የሰፈሩን ዕድር ገንዘብ ያዥ በስም ጠርቶ «የድንኳን መግዣውን ገንዘብ በላ» አለ። ንግግሩ ስለሚጥም፣ መስመሩም ጥርት ያለ ስለነበር፣ ሳላቋርጥ አስጨረስኩት። በማግስቱ ጠዋት ሰውየውን የጣቢያው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በብብታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ መዝገብ ይዘዋል። አልተቆጡም፣ አልጮሁም፤ «ልጄ፣ ልጆቼ እኮ ሰሙ» ብቻ አሉኝ። መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናየው ድንኳኑ ተገዝቷል፤ ደረሰኙ ከገጹ ጋር በስፒል ተያይዟል፤ የሊቀመንበሩና የጸሐፊው ፊርማም አለበት። በቀጣዩ ሳምንት በዚያው ሰዓት እርሳቸውን አቀረብን፤ እኔም በስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ነገር ግን ክሱን የሰማው ሰውና ይቅርታውን የሰማው ሰው አንድ አልነበሩም፤ ከዚያ በኋላም ለወራት በሰፈሩ ሲያልፉ ከኋላቸው የሚንሾካሾክ አልጠፋም።

ስለዚህ «ሕዝብ ይናገር» የሚሉሽ ሰዎች እውነት አላቸው፣ ግን እውነታቸው ግማሽ ነው። ሕዝባችን በአደባባይ የመናገር ሥርዓት የተማረው ከሬዲዮ አይደለም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት «በላ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር፤ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትም ጊዜ ነበር። መንገድ ላይ ያገኙትን መንገደኛ «ዳኝነት ስጠን» ቢሉት ቆሞ ያዳምጣቸዋል። ዛሬ ጭቅጭቅን የምንጠራበት «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃል እንኳ የወጣው ከዚያው የውርርድ ሙግት ነው። የሥርዓቱ ምሰሶ አንድ ነበር፤ የተከሰሰው ሰው በሌለበት ክሱ አይሰማም። አንቺም «ሐሎ» ብለሽ መስመር የምትከፍቺው እንደዚያ መንገደኛ ዳኛ ሆነሽ ነው። ነጋዴዋ በቁራኛ አጠገቡ ካልቆመች፣ አድማጩ ያመጣው ነገር ገና ሙግት አልሆነም።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በመገናኛ ብዙኃን ስሙ የተነሳ ሰው መልስ የመስጠት መብት በአገራችን ሕግ የታወቀ ነው፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮን ከሕዝባዊውና ከንግዱ ብሮድካስት ለይቶ የሚያውቀው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ ጣቢያው ለሚያስተላልፈው ነገር ኃላፊነት እንዳለበት ያስገነዝባል። ንግግሩ በአንድ ሰው ስም ላይ ሳይወሰን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ከሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሬዲዮ እንዳይሰራጭ በግልጽ ይከለክለዋል። እንዲህ ያለው ንግግር ሲመጣ ማመንታት አያስፈልግም፤ መስመሩን ዝጊ፣ ለምን እንደዘጋሽም በሥርጭት ላይ ተናገሪ።

የነጋዴዋ ዓይነት ጉዳይ ሲያጋጥምሽ ግን መስመሩን ከመዝጋት በፊት የምትናገሪያት አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀድማ ተጽፋ ማይክሮፎኑ አጠገብ ብትለጠፍ መልካም ነው። የእኔዋ እንዲህ ትል ነበር፦ «ወንድሜ፣ የተባሉት ሰው አሁን እዚህ የሉምና ስማቸውን ትተን ጉዳዩን እናውራ።» አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይመለሳል፤ ምክንያቱም በልቡ ያለው ዋጋ መናሩ ወይም ሚዛን መጉደሉ ነው፣ ስሙ በንዴት የመጣ ነው። ተመልሶ ስሙን ከጠራ ያን ጊዜ አመስግነሽ አሰናብቺው። ጣቢያችሁ አቅም ካለው ሥርጭቱን በጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ መሣሪያ ይግዛ፤ ከሌለው ደግሞ መጀመሪያ ስልክ የሚያነሳው ሰው «ሰው በስም ሊጠሩ ነው?» ብሎ መጠየቁ ብቻ ብዙ መከራ ያስቀራል። የዕለቱን ቅጂም አታጥፉ። አሁን ግን ከሁሉ አስቀድመሽ ወደ ነጋዴዋ ሂጂ። በስልክ ሳይሆን በእግርሽ ሂጂ፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፕሮግራም፣ የከሳሿን ያህል ደቂቃ እንድትናገር ጋብዣት።

ጥያቄ፦ ውሃ በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ነው የምኖረው። ከአራት ወር በፊት ለአንድ ጣቢያ ደውዬ ተናገርኩ፤ አንድ ኃላፊም በመስመር ላይ ቀርበው «በ15 ቀን ውስጥ ይስተካከላል» አሉ። ዛሬም ሌሊት እየተነሳን ጀሪካን እንሞላለን። ታዲያ መደወል ምን ይጠቅማል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይጠቅማል፤ የእርስዎ ጥሪ ግን ከተጀመረ በኋላ ያልተጨረሰ ነው፣ ያላስጨረሰውም ጣቢያው ነው። የቀድሞው ዳኛ ነገር ሰምቶ ዝም ብሎ አያሰናብትም፤ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ዋስም ያስጠራል። አቅራቢው «15 ቀን» የሚለውን ቃል ከኃላፊው አፍ ሲቀበል ቀጠሮ ይዟል ማለት ነው፤ በ16ኛው ቀን ራሱ ስልክ አንስቶ «ጌታዬ፣ ቃልዎ ዛሬ ደርሷል» ማለት ነበረበት። እኛ ጣቢያ ለዚህ የሚሆን ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነበረን። በግራው ዓምድ ቃል የተገባበት ቀን፣ ቀጥሎ የኃላፊው የሥራ ድርሻና የተናገረው ነገር፣ በቀኝ በኩል ቀጠሮው ይጻፋል። ደብተሩ ከተጀመረ በኋላ ሁለት ለውጥ አየሁ፤ አንዳንድ ኃላፊዎች መስመር ላይ መቅረብ ተዉ፣ የቀሩት ግን የሚጠሩትን የቀን ቁጥር መጠንቀቅ ጀመሩ። ሁለተኛው ለውጥ የመጀመሪያውን ጉዳት ይክሳል ብዬ አምናለሁ።

ጣቢያው በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ከሆነ ይህን ማድረጉ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 እንዲህ ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ መመራት እንዳለበት ይደነግጋል፤ የነዋሪው አቤቱታ ደግሞ ከኃላፊው መግለጫ እኩል አስተያየት ነው። እርስዎም በበኩልዎ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተማክረው ተራ ይያዙ። አሥር ሰው በአንድ ቀን ቢደውል አዘጋጁ «ይህ ጉዳይ ዛሬ ተነስቷል» ብሎ ዘጠኙን ይመልሳል፤ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰው ቢደውልና ሁሉም ያንኑ የቀጠሮ ቀን ቢጠቅስ ግን ጉዳዩ አይረሳም። ውሃው የመጣበትን ቀንና ሰዓት በግድግዳ መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ። «አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው» ለሚል ሰው ኃላፊው መልስ አያጣም፤ «በጥቅምት ወር አራት ሌሊት፣ ሁልጊዜም ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ» ለሚለው ግን ቀላል መልስ የለውም። ከዚህም ሌላ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅዳልና፣ የሰፈራችሁን የውሃ ፈረቃ ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ወረቀቱ በእጃችሁ ሲገባ በሬዲዮ አንብቡት።

ጥያቄ፦ አቅራቢዎች በውይይት መሀል «ቶፒኩ»፣ «ኢሹው»፣ «አክቹዋሊ» ማብዛታቸው አንገሽግሾኛል። አማርኛው አልበቃ ብሎ ነው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በቅቷል። ማይክሮፎን፣ ትራንስፎርመር፣ ታክሲ የመሳሰሉት ቃላት ከእኛ ጋር ስለኖሩ የእኛ ሆነዋል፤ ማንም አያማርርባቸው። «ጉዳይ» እና «ርዕስ» እያሉ «ኢሹ» እና «ቶፒክ» ማለት ግን ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርት እየሸጡ የሚያዳምጡትን እናት ከውይይቱ ማስወጣት ነው። እኒያ እናት ስልክ ለመደወል የሚደፍሩት የሚሰሙት ቋንቋ የራሳቸው ሲመስላቸው ነው። አዲስ አቅራቢዎችን ሳሠለጥን «ለእሳቸው ንገሯቸው» እል ነበር፤ አሁንም የምለው ያንኑ ነው።

ጥያቄ፦ የተወለድኩት በእስራኤል ነው፤ ይህን ደብዳቤ አጎቴ ነው የጻፈልኝ፣ ምክንያቱም አማርኛ እሰማለሁ እንጂ መጻፍ አልችልም። እናቴ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን የመጣች ናት። ወጥ ቤት ውስጥ በሬዲዮ ረቃ የሚተላለፈውን የአማርኛ ፕሮግራም ሳትሰማ አትውልም፤ አንዳንዴም ለሬዲዮው መልስ ትሰጠዋለች። ከእኔ ጋር ግን ብዙ አታወራም። ይህ ፕሮግራም ሊያቀራርበን ይችላል? (ከኔታንያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትዎ ለሬዲዮው መልስ የሚሰጡ ከሆነ ዝምተኛ አይደሉም፤ የሚያወሩት ነገርና የሚያወሩበት ቋንቋ አላቸው ማለት ነው። በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጉዘዋል። በዚያ ፍጥነት አገር የለወጠ ሰው ቤቱን፣ ጎረቤቱንና ከብቱን ትቶ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ነገር ቢኖር ቋንቋው ነው። ሬዲዮ ረቃ ለአዲስ ገቢዎች በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚያሰራጭ የሕዝብ ጣቢያ ነው፤ አማርኛው ለእናትዎ ዜና ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ጡረታ አበል፣ ስለ ሐኪም ቤትና ስለ ልጆች ትምህርት ያለ ልጆቻቸው ትርጉም በራሳቸው ጆሮ የሚሰሙበት ነው። እናቶች በየመሥሪያ ቤቱ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርጎ መቆም እንዴት እንደሚከብዳቸው ነግረውኛል፤ ስለዚህ ያ ወጥ ቤት የእናትዎ ክብር የሚጠበቅበት ቦታ መሆኑን ቀድመው ይወቁት።

እንግዲህ ወደዚያ ሲገቡ እንደ ተማሪ ይግቡ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ስልክዎን አስቀምጠው አብረው ይቀመጡ፤ የመጀመሪያ ቀን ምንም አይጠይቁ። በሁለተኛው ቀን ያልገባዎትን አንድ ቃል ብቻ ይጠይቁ። አንድ ቃል ብዙ ወሬ ይጎትታል፤ «ሽምግልና» ምን ማለት ነው ብለው የጠየቁ ልጅ፣ እናቱ በጎንደር ገጠር ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ተጣልተው ሽማግሌ ዛፍ ሥር ሲያስታርቃቸው ያየችውን ሁሉ ሊሰሙ ይችላሉ። በመሀል የእናትዎን አማርኛ በዕብራይስጥ አያርሙባቸው፤ የእርስዎን አማርኛ ሲያርሙልዎ ግን ደስ ይበልዎ። ለሬዲዮው የሚሰጡትን መልስም ልብ ብለው ያዳምጡ። ተናጋሪውን የሚቃወሙት በምን ላይ ነው? የሚስቁት የት ጋ ነው? አንድ ቀን «እማዬ፣ ይህን ለእነሱም ንገሪያቸው» ይበሏቸው። መጀመሪያ «እኔ ማን ነኝና?» ማለታቸው አይቀርም፤ አይጫኗቸው። አድማጮች በስልክ የሚገቡበት ቀን ሲመጣ ሬዲዮውን ቀንሰው ቁጥሩን እርስዎ ይደውሉ፤ «ሐሎ፣ ማን ልበል?» የሚለው ድምፅ ሲመጣም ስልኩን ለእናትዎ ይስጡ።